የተስፋ መድኃኒትና የቁጥር ምስክርነት

ጭንቅላቱን በኃይል የተመታ ሰው አንጎሉ ሊያብጥ፣ እብጠቱም ሕይወቱን ሊያጠፋ ይችላል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ በአንጎል ዕጢ ዙሪያ የሚፈጠረውን እብጠት እንደሚቀንስ በአሜሪካ ከተገለጸ በኋላ፣ ይኸው ዓይነት መድኃኒት በአደጋ ለተጎዱትም ይበጃል ተብሎ ታሰበ። በቅን ልቡና የተወሰደው ግምት በብዙ ሆስፒታሎች ለዓመታት ልማድ ሆኖ ኖረ።

ከለንደን የተመራው ክራሽ የተሰኘው ጥናት ይህን ልማድ መረመረ። በ49 አገሮች የሚገኙ 10,008 ሕሙማን በዕጣ ተለይተው፣ ለአንደኛው ወገን ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ለሌላው መድኃኒትነት የሌለው ፈሳሽ ተሰጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 21.1፣ ካላገኙት ግን ከመቶ 17.9 ሞቱ። ጥናቱም በ2004፣ ከታቀደው የሕሙማን ቁጥር ግማሽ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ።

ለማገገም የሚረዳ መድኃኒት ፍለጋው ግን አልቆመም። በ2012 የታተመ፣ ንቃታቸው እጅግ በታወከ 184 ሕሙማን ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ቀድሞ ለኢንፍሉዌንዛና ለፓርኪንሰን በሽታ ይታዘዝ የነበረው አማንታዲን በአራቱ የሕክምና ሳምንታት ማገገምን እንደሚያፋጥን አሳየ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ፍጥነቱ ቀነሰ።

ከሁለቱም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የሐኪም በጎ ፈቃድ ብቻውን ለመድኃኒት ፈዋሽነት ዋስ አይሆንም። ማስረጃ መጠየቅ፣ መናገር ለተሳነው ሕመምተኛ የሚከፈል ዕዳ ነው።