ያልተጠየቀችው በሽተኛ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ ጣቱን የሚቀስረው በሽተኛው ላይ ነው፤ ተናገር፣ አትደብቅ ይለዋል። በሽተኛው ተናግሮ ሐኪሙ ካልሰማስ? ለዚህ ተረት አላበጀንም። ታሪክ ግን አለን፤ ያውም እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ ከሚገኝ አንድ ተቋም ስም ጋር የተያያዘ።

ዘነበወርቅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አለርትን ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሆስፒታል ሲያቋቁሙ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ስሙም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ። በ1958 ዓ.ም. አለርት እዚያው ተመሠረተ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ከዳኑ በኋላም ወደ ቀያቸው መመለስ ከበዳቸው፤ ጎረቤት ይሸሻል፣ ዘመድ ያፍራል። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ ሰፈር ሆኑ። ከተማው አድጎ የደረሰባቸው በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ የምርምር ተቋም ተከፈተ። በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት የተቋቋመ ነው። ዛሬ ብዙዎች «አህሪ» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው።

ሐንሰን ማን ነው? የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ከእሱ በፊት ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። እኛም ዘንድ «ዘራቸው ነው» ወይም «እርግማን ነው» እየተባለ ስንት ቤት ፈርሷል። ሐንሰን ተሐዋሲውን በአጉሊ መነጽር አይቶ ያንን እምነት ናደው። ለዚህ ክብር ይገባዋል።

ግን የታሪኩ ሌላ ገጽ አለ። ሐንሰን ባክቴሪያውን አይቷል እንጂ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ማረጋገጥ አልቻለም ነበር። በላብራቶሪ ሊያራባው አልቻለም፤ በእንስሳት ላይ ሞክሮም አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1879 በርገን ከተማ በሚሠራበት ሆስፒታል የተኛችን አንዲት የ33 ዓመት ሴት አስጠራ። ሴትየዋ አንደኛው ዓይነት ሥጋ ደዌ ነበረባት። ሌላ ዓይነት ካለበት በሽተኛ የተወሰደ ነገር በቢላ ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገባት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልነገራትም፤ ፈቃዷንም አልጠየቀም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐንሰን አልካደም። ፈቃድ ያልጠየቀው በሽተኛዋ ሙከራውን እሱ በሚያይበት ዓይን እንደማታየው ስላሰበ መሆኑን ተናገረ። በእኛ አነጋገር፦ ብጠይቃት እምቢ ትለኛለች፣ ስለዚህ አልጠየቅኋትም። እ.ኤ.አ. በ1880 ጥፋተኛ ተባለና ከሆስፒታሉ ሐኪምነቱ ተነሳ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካም፤ ዝናውም አብሮት ዘለቀ።

እኔን የሚገርመኝ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን ድሃ በሽተኛን ሳይጠይቁ መሞከር ለብዙዎች ነውር አልነበረም። የሚገርመኝ አንዲት ድሃ፣ ያውም ሰው የሚሸሻት በሽተኛ፣ ቃሏ ከግድግዳው ወጥቶ ዳኛ ፊት መድረሱ ነው። ሐኪሙ አልሰማትም፤ የሚሰማ ሌላ ቦታ ግን ነበራት።

ሥጋ ደዌ ሐኪም እንዲሰማ የሚያስገድድ በሽታ ነው። ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ምልክቱ ሕመም ሳይሆን ሕመም አለመኖሩ ነው። «የቱ ጋ ያምሻል?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም «የትም» የሚል መልስ ያገኝና ይሸኛል። ምርመራው ቀላል ነው፦ በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሐኪሙ እጁን ወይም እግሩን በስሱ ይነካል፣ በሽተኛው የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚያውቀው በሽተኛው የነገረውን ብቻ ነው። የፈራ በሽተኛ ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት «ይሰማኛል» ካለ እውነቱ ጠፋ። የነርቭ ጉዳቱ 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት በመድኃኒት የመመለስ ዕድል አለው፤ ካለፈ ግን ጣት፣ እግር፣ ዓይን ይሄዳል። የአክብሮት ዋጋ እዚህ ላይ በጣት ይቆጠራል።

ወደ ዛሬ ልምጣ። አንዲት ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ጎረቤቴን ይዤ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቆየን። ልጃቸው የሚሆን ሐኪም «አንቺ፣ ምንሽን ነው?» አላቸው። እሳቸው ከመነሻው መተረክ ጀመሩ። አቋረጣቸውና ኮት ወደለበስኩት ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ ምናቸው ነዎት? መቼ ነው የጀመራት?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! እማማም «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አሉት።

ያ ሐኪም ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ኮሪደሩ ሙሉ ነበር፣ ምሳም አልበላም ይሆናል። ነገር ግን ድካሙ ለእኔ «እርስዎ»ን አልነሳኝም። ወረፋው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ጆሮው ግን እንደ ልብሳችን፣ እንደ አማርኛችን፣ እንደ ዕድሜያችን ይለያያል። አማርኛው የሚሰባበርበት፣ ነጠላዋ ያደፈባት፣ በሽታው ስም የሚያሰጠው ሰው ከሁሉ አጭሩን ደቂቃ ያገኛል።

ጤና ሚኒስቴር ችግሩን አያውቀውም አይባልም። በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የ5 ዓመት ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። መልካም ነው። ግን አክብሮትን የባለሙያው ደግነት ብቻ ካደረግነው፣ ደጉ ሐኪም ሲገጥመን እናመሰግናለን፣ ካልገጠመን «ዕድሌ ነው» ብለን ወደ ቤት እንሄዳለን። የበርገኗ ሴት ያገኘችው ደግ ሐኪም አልነበረም። ያገኘችው ቃሏን የሚቀበል ዳኛ ነው።

እኛ ጋ ያለው ብዙ ጊዜ የአስተያየት ሳጥን ነው። ሳጥን ወረቀት ይፈልጋል፣ ፊደል ይፈልጋል፣ እስክሪብቶ የሚይዝ ጣት ይፈልጋል። በሽታው ጣቱን የወሰደበት የዘነበወርቅ አባት ቅሬታውን በምን ይጻፈው? ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ፣ በቃል የተነገረውን የሚመዘግብ፣ «ያሉት ነገር እዚህ ደርሷል» ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

የሐንሰን ስም ከበሩ ይነሳ እያልኩ አይደለም። ይኑር። ግን በዚያ በር የሚገባ ተማሪ ሁሉ ባክቴሪያውን ስላገኘው ሐኪም ሲማር፣ ስላልተጠየቀችው ሴትም ይማር። ሁለቱም የአንድ ስም ታሪክ ናቸውና።