«ቦይኮት» የሰው ስም ነበር

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአፋችን ከማይለዩት የእንግሊዝኛ ግሶች አንዱ «ቦይኮት ማድረግ» ነው። ምርጫው፣ ስብሰባው፣ አየር መንገዱ ቦይኮት ይደረግ እንላለን። በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም አንድን መሣሪያ ከማንሳቴ በፊት ለምን ሥራ እንደተሠራ መጠየቅ ልማዴ ነው። ቃልም መሣሪያ ነውና እስቲ የዚህኛውን ታሪክ እንመልከት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ ሎርድ ኧርን የተባሉ ባለርስት ወኪል ነበር። በ1880 ምርት ከፍቶ ስለነበር ጭሰኞቹ ኪራዩ በ25 በመቶ እንዲቀነስላቸው ጠየቁ። ባለርስቱ ከ10 በመቶ በላይ አልቀንስም አሉ። ቦይኮትም ጭሰኞችን ከመሬታቸው ለማስነሳት ተነሳ። «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ለእኛ አገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ የአየርላንድ የመሬት ሊግ መሪ ቻርልስ ፓርኔል ኤኒስ ከተማ ላይ ንግግር አደረገ። ከተፈናቀለ ወገኑ ላይ መሬት የሚወስደውን ሰው ምን እናድርገው ሲል ሕዝቡን ጠየቀ። ከመሃል ይገደል የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓርኔል ግን ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ፣ በመንገድም በገበያም በቤተ ክርስቲያንም አግልሉት አለ። የሜዮ ሰዎች ይህንኑ በቦይኮት ላይ አዋሉት። ሠራተኞቹ ጥለውት ወጡ፣ ባለሱቆቹ አልሸጥም አሉ፣ ልብስ አጣቢዋም ቀረች። በእኛ ቋንቋ እሳትና ውሃ ከለከሉት ማለት ነው። ቦይኮት ለታይምስ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ አንጥረኛው ለእሱ ቢሠራ እንደሚገደል ዛቻ እንደደረሰው ገልጿል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት አይቻልም።

ቃሉን የፈጠሩት የአካባቢው ቄስ አባ ጆን ኦማሊ እንደሆኑ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬድፓዝ መስክሯል። ከግሪክ የመጣው የ«ማግለል» ቃል ለገበሬው ይከብደዋል ብለው የሰውየውን ስም ግስ አደረጉት። ፈረንሳይኛም፣ ጀርመንኛም፣ ሩስኛም ሳይተረጉሙ ወሰዱት።

የመሐንዲስ ዓይን የሚስበው ሒሳቡ ነው። ሰብሉን ለመሰብሰብ ከካቫንና ከሞናገን 50 ያህል ሰዎች መጡ፤ ወደ 1,000 የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ ጠበቃቸው። 500 ፓውንድ ለሚገመት ሰብል 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ፤ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። ቦይኮት ዓመቱ ሳያልቅ አካባቢውን ለቀቀ። በ1881 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ ፍትሐዊ ኪራይ በፍርድ እንዲወሰን ፈቀደ።

በሞንትጎመሪ ጥቁር አሜሪካውያን ከዲሴምበር 1955 ጀምሮ ለ381 ቀናት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ሲቀሩ መኪና ያለው ሌላውን እየጫነ፣ የሌለው በእግሩ እየሄደ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱ «ቦይኮት» የሚለው ቃል ሥራቸውን በትክክል እንደማይገልጽ ጽፏል፤ ለእሱ ፍሬ ነገሩ ከክፉ ሥርዓት ጋር አለመተባበር እንጂ ኩባንያውን ማክሰር አልነበረም።

ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ከኦሎምፒክ ቀርታለች። ውሳኔው የመንግሥት ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን አትሌቶች ናቸው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ በ1980 ሁለት ወርቅ ያመጣው ሞንትሪያል ካመለጠው በኋላ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይለያል። «ማዕቀብ» መንግሥታት የሚጥሉት ነው። «ማግለል» በሌላ ሰው ላይ የሚፈጸም ነው። «መታቀብ» ግን ራስን መጠበቅ፣ የራስን እጅ መሰብሰብ ነው። ሞንትጎመሪዎች ታቀቡ፤ የሜዮ ጭሰኞች ታቅበውም አግልለውም ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኔ ግን እያንዳንዱ ክር ስንት ይሸከማል ብዬ እጠይቃለሁ። ቦይኮት ይደረግ ስንል ጥያቄያችን ምንድን ነው? ሲመለስ እንዴት እናውቃለን? ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን ወይስ አገር ቤት ያለ ወገናችን? ካሊፎርኒያ ተቀምጦ መታቀብ ቀላል ነው። የሜዮ ገበሬ ግን የገዛ ጎጆውን አስይዞ ነበር የገባበት።