የተዘጉ ሱቆች፤ በጅቡቲ፥ በዓደንና በጀርመን ስለ ነበሩ አይሁድ ነጋዴዎች

የጅቡቲ ከተማ የተቈረቈረችው በ1888 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፥ ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባውና ከኢትዮጵያ ለሚወጣው ዕቃ ዋናዪቱ በር እርስዋ ሆነች። በር ባለበት ስፍራ ነጋዴ አይጠፋምና ግሪኩም አርመኑም ሕንዱም የየመኑ ዐረብም እየመጣ ሱቁን ከፈተ። ከእነዚህ መካከል ከየመንና ከዓደን ተሻግረው የመጡ አይሁድ ነበሩ። ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ በ1921 ከመቶ እምብዛም አይበልጡም ነበር። የየመን አይሁድ ብር በማንጠርና ጌጥ በመሥራት የታወቁ ነበሩና፥ ወደዚህ የተሻገሩትም የእጅ ሥራቸውንና ንግዳቸውን ይዘው ነው የመጡት።

በዚህች ከተማ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር፥ በጀርመን አገር ስለ ተሰባበሩት የአይሁድ ሱቆች እንደ ተናገርሁ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፤ «በእኛስ ከተማ አይሁድ ነበሩን? ሱቃቸውስ ምን ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ የተቻኰለ ነበረ፤ ይህ ጽሑፍ ያን ጕድለት ለማረም የታሰበ ነው።

አስቀድሞ የጀርመኑን ነገር በቅጡ ማስረዳት ይገባል። እኛ መምህራን መስተዋት የተሰባበረበትን የ1938ቱን ሌሊት ብቻ ስናወሳ ታሪኩን ከመካከሉ መጀመራችን ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ በጀርመን ወደ 100000 የሚጠጋ የአይሁድ ንግድ ቤትና ድርጅት ነበረ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የፓርቲው ሰዎች በየሱቁ ደጃፍ ቆመው፥ በመስተዋቱ ላይ ኮከብ እየሳሉ፥ ገዢውን ከአይሁድ እንዳይገዛ ከለከሉት። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነበረ። የሚበልጠው ጕዳት የመጣው ግን ከዚያ በኋላ፥ ድምፅ ሳያሰማ ነው። ባንኩ ብድር ነሣ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ትእዛዙን አቋረጠ፤ ዕቃ አቅራቢው ጀርባውን ሰጠ። ባለሱቁም መውደቂያው ሲጠፋው ንብረቱን ገዢው በቈረጠለት ዋጋ ለጎረቤቱ ለመሸጥ ተገደደ። ይህንንም «አርያናዊ ማድረግ» ብለው ስም አወጡለት። ስለዚህም በ1938 በጋ፥ ያ ሌሊት ገና ሳይደርስ፥ ከእነዚያ ንግድ ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ወይ ተዘግቶ ወይ ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ነበር።

ኖቬምበር 9 ለ10 አጥቢያ ወደ 7500 የሚሆኑ ሱቆች ተሰበሩ፤ 30000 ያህል ወንዶች ተይዘው ወደ ዳኻው፥ ወደ ቡኸንቫልድና ወደ ዛክሰንሃውዘን ተጋዙ። ከሁለት ቀን በኋላ የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ከመዶሻው የከፋ ነበረ። አይሁድ አንድ ቢሊዮን ማርክ መቀጫ እንዲከፍሉ፥ የተሰበረባቸውን በገዛ ገንዘባቸው እንዲጠግኑ፥ የኢንሹራንሱን ካሳ መንግሥት እንዲወስድ፥ ከ1939 መግቢያ ጀምሮም አይሁዳዊ ሱቅ እንዳይዝ ታዘዘ። የተዘረፈው ሰው ስለ መዘረፉ ዕዳ ከፋይ የተደረገበት እንዲህ ያለ ሕግ በታሪክ ብዙ አይገኝም።

የባለሱቆቹን ቤተ ሰቦች ዕድል ለመረዳት በርሊን የነበረውን የናታን እስራኤልን መደብር እንመልከት። በ1815 ተቋቁሞ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ታላቅ መደብር ነበረ። የመጨረሻው ወራሽ ቪልፍሪድ እስራኤል አስቀድሞ ሸሽቶ ለማምለጥ ገንዘቡም ወዳጁም ነበረው፤ ነገር ግን ቆየ። በዚያ ሌሊት የተያዙትን ሠራተኞቹን ለማስፈታት ደከመ፤ ለሚሰደዱትም የሁለት ዓመት ደመወዝ እንደ ሰጣቸው ይነገርለታል። ወደ 10000 የሚጠጉ ልጆች ወደ እንግሊዝ አገር በተሻገሩበት ሥራ ብዙ ረዳ። መደብሩ በ1939 ከእጁ ወጣ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ሄደ። በ1943 ጁን 1 ቀን ስደተኞችን ለመርዳት ከሄደበት ከሊዝቦን ሲመለስ፥ የተሳፈረበትን አውሮፕላን የጀርመን ተዋጊዎች በባሕር ላይ መትተው ጣሉት።

ገንዘብ ያልነበረው ትንሹ ባለሱቅ ግን መንገዱም አልነበረው። በኖቬምበር 1941 የወጣ ድንጋጌ፥ አይሁዳዊ የጀርመንን ድንበር ሲያልፍ ዜግነቱም ንብረቱም እንዲወረስ አዘዘ፤ በግዞት ባቡር ተጭኖ ቢያልፍም እንኳ። ከጀርመን አይሁድ ከ160000 እስከ 180000 የሚሆኑት ተገደሉ።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ፈረንሳይ በ1940 ከወደቀች በኋላ ከተማዪቱን የቪሺ መንግሥት አገረ ገዢ ኑዋይኤታ ያስተዳድራት ነበር፤ እንግሊዞችም በባሕርና በየብስ ከበዋት ሕዝቡ በረኀብ ተጨነቀ። በኦክቶበር 3 ቀን 1940 የወጣው የቪሺ ሕግ አይሁድን ከመንግሥት ሹመት፥ ከመኰንንነት፥ ከጋዜጣ ሥራና ከማስተማር ሲከለክል፥ በቅኝ አገሮችም እንዲሠራበት በግልጽ ይናገር ነበር። የመምህርነት ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ክልክሎች አንዱ መሆኑን የሙያ ባልደረቦቼ ልብ ይበሉት። ንግድ ቤትን በትእዛዝ መዝጋትም ለአገራችን እንግዳ አልነበረም፤ በ1937 ኢጣልያኖች የሕንዶቹን የመሐመዳሊን ታላቅ ንግድ ቤት ለእንግሊዝ ይሰልላል በማለት ከኢትዮጵያ አስወጥተውታል። በጅቡቲ የቪሺ ሥልጣን ያበቃው በዲሴምበር 1942 ነው።

የከተማችንን አይሁድ የነቀለው ነገር ግን ከኤውሮፓ ሳይሆን ከማዶው ጠረፍ መጣ። ፍልስጥኤም እንድትከፈል የተባበሩት መንግሥታት ከወሰነ በኋላ፥ በዲሴምበር 1947 በዓደን ሁከት ተነሣ። በሦስት ቀን ውስጥ ሰማንያ ያህል አይሁድ ተገደሉ፤ ከ170 ሱቆቻቸውም 106ቱ ባዶአቸውን እስኪቀሩ ተዘረፉ። ጸጥታ እንዲያስከብሩ የታዘዙት የአገሩ ተወላጅ ወታደሮች ለተጠቁት መጠጊያ አልሆኑም። የጅቡቲ አይሁድ የተወለዱበት፥ ዘመድ ያላቸው በዚያ ወገን ነበረ። በ1949ና በ1950 ወደ 49000 የሚጠጉ አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፥ ከጅቡቲና ከኤርትራ 500 ያህሉ አብረው ሄዱ።

በጅቡቲ እንደ በርሊን ወይም እንደ ዓደን በሩን የሰበረው ሰው የለም። እንደ እኔ አስተያየት ግን፥ ዘመዱ በተገደለበት፥ የወገኑ ሱቅ በተዘረፈበት በዚያ ወራት የሄደውን ሰው በፈቃዱ ሄደ ብሎ ማለፍ አይገባም። ባለሱቅ ዕቃውን ከመደርደሪያው የሚያወርደው የሰማውን ሰምቶ ነው።

ለተማሪዬም ይህንኑ ነገርሁት። ካርታውን አምጥቶ ዓደንን ፈለገ፤ ከዚያም ከጅቡቲ እስከ ዓደን ያለውን ባሕር በጣቱ ስንዝር ለካው፤ ከስንዝሩ እኩሌታ እንኳ አልሞላም።