የሦስት ሰከንዷ እንቆቅልሽ

ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ከበሮም፣ መግቢያ ዜማም የለም። ድንገት አንድ ኮርድ ብቻ "ጃንግ!" ብሎ ይፈነዳል፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ያስተጋባል፣ ከዚያ ጆን ሌነን መዝፈን ይጀምራል። ቢትልሶች "ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት" ለተባለው ፊልማቸውና አልበማቸው መክፈቻ ያደረጉት ይህ ድምፅ ጊታሪስቶችን ለአሥርት ዓመታት ሲያነታርክ ኖሯል። ጣት የት የት ላይ ነው የሚያርፈው? ኤፍ ነው የሚል አለ፣ ጂ ነው የሚል አለ፣ ዲ ነው ብሎ የሚምልም አለ። የሙዚቃ መጻሕፍት ሳይቀሩ እርስ በርስ አይስማሙም።

ነገሩ የሆነው ለንደን፣ አቤይ ሮድ ላይ ባለው የኢ.ኤም.አይ ስቱዲዮ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 8 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1964) ነው። ሪቻርድ ሌስተር የሚመራው ፊልም ቀረጻው ወደ መጠናቀቁ ነበር። ርዕሱን ያስገኘው ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው ሲወጡ "ከባድ ቀን ነበር" ሊል ጀምሮ ውጭው መጨለሙን ሲያይ ዐረፍተ ነገሩን በ"ሌሊት" ጨረሰው። ሌነን በዚህ ርዕስ በአንድ ሌሊት ዘፈን ጽፎ መጣ። በ9ኛው ሙከራ ቀረጻው አለቀ። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ዘፈኑ ፊልሙንም አልበሙንም እንደሚከፍት ስለሚያውቅ አድማጭን ከመቀመጫው የሚያስነሣ አጀማመር ፈልጎ ነበር። የፈለገውን አገኘ።

ያን ቀን በቡድኑ ጊታሪስት በጆርጅ ሃሪሰን እጅ የነበረው ጊታር ተራ ጊታር አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት ቡድኑ መጀመሪያ አሜሪካን ሲረግጥ ኒውዮርክ ላይ ያገኘው ባለ 12 ክር ሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች እኩል ይቃኛሉ፤ በቀሩት አራቱ ግን ከእያንዳንዱ ወፍራም ክር ጎን አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ቀጭን ክር ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሲጫኑ ሁለት ድምፅ ይወጣል። የዚያ ደወል መሰል ቃና ምስጢር ይኸው ነው። ሮጀር መጊን የተባለው አሜሪካዊ ፊልሙን አይቶ እንዲህ ያለ ጊታር ገዛ፣ በዓመቱም "ዘ በርድስ" ከተባለው ቡድኑ ጋር በዚያው ድምፅ ዓለምን አዳረሰ።

ታዲያ ኮርዱን በጆሮ ማውጣት ለምን አቃተ? የበሰለ ወጥ ቀምሶ ኮረሪማ መግባቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ስንት ፍሬ ገባ፣ ከበርበሬው ነው ወይስ ከቅቤው የመጣው ሲባል ግን ምላስ ይታክታል። ያን ቀን የነበረው መቅጃ አራት ትራክ ብቻ ስለነበረው ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ መታጨቅ ነበረበት። በዚያ ላይ ሰሚው ሁሉ የጠየቀው ስለ አንድ ጊታር ነው፤ የተመቱት ግን ብዙ መሣሪያዎች ናቸው።

ሃሪሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ ተጠይቆ መልሷል። ኤፍ ነው፣ በላዩ ጂ አለበት፣ የቤዙን ግን ቤዝ ተጫዋቹን ፖል ማካርትኒን ጠይቁት ነው ያለው። ባለቤቱ ከተናገረ በኋላ ክርክሩ ያበቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጊታሪስቶችን አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቁ ጄሰን ብራውን ኮርዱን በሒሳብ ሊበትነው ተነሣ። መሣሪያው ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የነበረው ፈረንሳዊ ጆሴፍ ፉሪየ ስለ ሙቀት ሲያጠና የደረሰበት ስልት ነው፤ የተደባለቀን ሞገድ ወደ ተሠራባቸው ነጠላ ሞገዶች ይመልሳል። ብራውን አንድ ሰከንድ ያህል ድምፅ ወስዶ ከ29,000 በላይ ድግግሞሾች አገኘ፣ ጎላ ጎላ ያሉትን ብቻ ለየ። እዚያ ላይ አንድ ነገር አላስማማ አለው። በሰከንድ 175 ጊዜ አካባቢ የምትርገበገበዋ ኤፍ ሦስት ሆና ተቀራርባ ተገኘች። ከባለ 12 ክሩ ጊታር ብትመጣ ኦክታቭዋ አብራ መሰማት ነበረባት፤ አልተሰማችም። አንድ ቁልፍ ሲነካ ሦስት ክር ባንድ ጊዜ የሚመታ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ ፒያኖ ነው። ፒያኖው ጋ የነበረው ጆርጅ ማርቲን ነው።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ሕዝበ ጊታሪስት በሙሉ በአንገቱ ላይ የሌለችን ጣት ሲፈልግ ኖሯል።

ብራውን ግን በዚህ አላቆመም። ሃሪሰን ኤፍ አልመታም፣ የመታው ኤ፣ ዲ፣ ጂና ሲ ነው አለ፤ ይህን ብዙዎች አልተቀበሉትም። ካናዳዊው ጊታሪስት ራንዲ ባክማን የማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን አቤይ ሮድ ውስጥ መሣሪያዎቹን ለየብቻ እንዳሰማው በሬዲዮ ተርኳል። በእርሱ አባባል የሃሪሰን ኤፍ ከላይም ከታችም ጂ አለበት፣ ፖል ቤዙ ላይ ዲ ይመታል፣ ሌነን ደግሞ ዲ ኮርድ ላይ ጂ ጨምሮ ይዟል። እኔ ስለ ሃሪሰን እጅ የማምነው ሃሪሰንን ነው፤ ስለ ፒያኖው ብራውንን። ሒሳብ የትኛው ድግግሞሽ እንዳለ ይናገራል፤ ከማን ጣት እንደወጣ ግን ከፊሉ ግምት ነው።

ጊታር ካለዎት ይሞክሩት። ኤፍን መጀመሪያው ፍሬት ላይ ይያዙና በትንሿ ጣትዎ የመጨረሻውን ቀጭን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይጫኑ፤ ጂ እርሷ ናት። ብቻዎን ሲመቱት እንደማይመስል ይሰማዎታል። ቤዝ የሚጫወት ወዳጅዎን ጂ ክር ላይ ሰባተኛውን ፍሬት ያስይዙት፣ ፒያኖ የሚነካ ካለም ዲና ኤፍን በአንድ ጊዜ ይምታ። ሦስታችሁም እኩል መጀመር አለባችሁ፤ አንዱ ከዘገየ ኮርዱ ይፈርሳል።