የጡት ማንሳት ቀዶ ሕክምና እና የጡት መጠን

የጡት ማንሳት ቀዶ ሕክምና (በሕክምና ስሙ ማስቶፔክሲ) ወደ ታች የወረደን ጡት ከፍ ለማድረግ፣ የተለጠጠውን ትርፍ ቆዳ ለማስወገድና የጡቱን ቅርጽ ለማስተካከል የሚደረግ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ነው። ማስቶፔክሲ የሚለው ቃል «ማስቶስ» (ጡት) እና «ፔክሲስ» (ማያያዝ፣ ማጽናት) ከሚሉ ሁለት የግሪክኛ ቃላት የተሠራ ነው። ሕክምናው ጡትን ለማሳደግ ወይም ለማሳነስ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። በዋናነት የሚለውጠው የጡቱን ቦታና ቅርጽ እንጂ በውስጡ ያለውን የዕጢና የስብ ብዛት አይደለም። ያም ሆኖ ከሕክምናው በኋላ ጡታቸው እንዳነሰ የሚናገሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እንደጨመረ የሚሰማቸውም አሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም «መጠን» ስንል አንዳንዴ ይዘቱን፣ አንዳንዴ የጡት መያዣ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም ለዓይን የሚታየውን ማለታችን ነው።

ጡት ለምን ይወርዳል

ጡት ከወተት ዕጢ፣ ከስብና እነዚህን ከቆዳው ጋር ከሚያያይዙ ስስ ጅማቶች የተሠራ ነው። በውስጡ ጡንቻ የለም፤ ጡንቻው ከጡቱ በስተጀርባ ደረት ላይ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ የደረት ስፖርት ጡንቻውን ቢያጠነክርም የወረደን ጡት አያነሣም። ጅማቶቹ የኩፐር ጅማቶች ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው በ1840 እ.ኤ.አ. ስለ ጡት አወቃቀር መጽሐፍ ካሳተመው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ነው።

አማርኛ የጡትን ለውጥ በየደረጃው የሚገልጽ ግስ አለው፦ የልጃገረድ ጡት ያጎጠጉጣል፣ የእመጫት ጡት ያጋታል፣ ልጁ ጡት ሲጥል ደግሞ ይሟሽሻል። ሐኪሞች የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእርግዝና ጊዜ የወተት ዕጢው ያብጣል፣ ቆዳውም አብሮት ይለጠጣል። ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ዕጢው ይሰበሰባል፤ የተለጠጠው ቆዳ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመለስም። ክብደት ጨምሮ መቀነስም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ዕድሜና ሲጋራ ማጨስ ደግሞ የቆዳውን የመለጠጥና የመመለስ ኃይል ያዳክማሉ።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ እምነት መታረም አለበት። ጡት የሚያበላሸው ማጥባት ነው ብለው ቶሎ ወደ ቆርቆሮ ወተት የሚሄዱ እናቶች አሉ። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን ከጡት መውረድ ጋር የተያያዙት ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የእርግዝና ብዛት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት ትልቅነትና ሲጋራ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ማጥባት በራሱ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። አንዴ ያረገዘች ሴት አጠባችም አላጠባችም ጡቷ ይለወጣል። በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ፤ የተቀሩት ውኃ፣ ሌላ ወተት ወይም ምግብ ይጨመርላቸው ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ የጡት ቅርጽ ፍርሃት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲሆን የሚያደርግ ማስረጃ የለም።

መጠኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ይዘት። ማንሳት ብቻ ሲደረግ የሚቆረጠው በአብዛኛው ቆዳ ነው። ቆዳ ስስ ስለሆነ የሚወጣው ነገር ከጡቱ አጠቃላይ ክብደት ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ዕጢውና ስቡ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ተሰብስቦና ከውስጥ ተሰፍቶ በቦታው ይቀመጣል። በረዥም ከረጢት ግርጌ የተኛ ጤፍ ከረጢቱ ቢታጠፍና ቢጠብቅ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ቢመዘን ግን ያው ጤፍ ነው። ሐኪሙ ቅርጹን ለማስተካከል ወይም ሁለቱን ጡቶች ለማመጣጠን ከውስጡም ጥቂት ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ ይዘቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የጡት መያዣ ቁጥር። ብዙ ውዝግብ የሚነሣው እዚህ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አቆጣጠር ቁጥሩ (32፣ 34፣ 36) ከጡት ሥር ያለውን የደረት ዙሪያ በኢንች ያሳያል። ፊደሉ ደግሞ በጡት ጫፍ ላይ የሚለካው ዙሪያ ከዚያ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል፤ በአሜሪካው አቆጣጠር የአንድ ኢንች ልዩነት ኤ፣ የሁለት ቢ፣ የሦስት ሲ ይሆናል። እንግዲህ ፊደሉ የልዩነት ውጤት እንጂ የይዘት መለኪያ አይደለም። 34ሲ፣ 36ቢ እና 32ዲ የሚይዙት መጠን ተቀራራቢ ነው፤ «ቢ ነኝ» የምትል ሴት ቁጥሩን ካልጨመረች ስለ ጡቷ ትልቅነት ገና ምንም አልተናገረችም ማለት ነው። በአውሮፓው አቆጣጠር ደግሞ ቁጥሩ በሴንቲሜትር ስለሆነ 34 የሚባለው 75 ይሆናል። መርካቶ በሰልባጅ ክምር ውስጥ ሁሉም ተቀላቅሎ ስለሚገኝ አንዲት ሴት በአንድ ቀን በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ልትገባ ትችላለች።

ከማንሳት በኋላ የሚታየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፊደል አይበልጥም፤ አቅጣጫውም በአብዛኛው ወደ ታች ነው። ትርፍ ቆዳው ስለወጣና ጡቱ ስለተሰበሰበ በቴፕ የሚለካው ዙሪያ ይቀንሳል። የሟሸሸ ጡት በመያዣው ውስጥ ተጣጥፎ ይሞላው ነበር፤ የተነሣው ጡት ግን ሳይጣጠፍ ይቀመጣል። የደረት ዙሪያው ስለማይለወጥ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ከተቀየረም የሚቀየረው ፊደሉ ነው።

ለዓይን የሚታየው። ይህ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ወደ ሆድ ተዘርግቶ የነበረው ጡት ርዝመቱ ስለሚያጥር ያነሰ ይመስላል። በሌላ በኩል በልብስ ሲታይ ጡቱ ወደ ፊት ስለሚወጣ የጨመረ የሚመስላቸውም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ትልቅነት ደግሞ አብዛኛው እብጠት ነው፤ እብጠቱ ሲበርድና ጡቱ ወደ ታች ረጋ ሲል «ሥራው ፈረሰ» የሚል ስጋት ይነሣል። ትክክለኛው ቅርጽ የሚለየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ጠባሳው እስኪበስል ድረስ ደግሞ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ማንሳት የማያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከጡቱ በላይኛው ክፍል የጎደለውን ሙላት በዘላቂነት አይመልስም። ይህን የምትፈልግ ሴት ከማንሳቱ ጋር የሲሊኮን ኢምፕላንት ወይም ከሌላ የሰውነቷ ክፍል የተወሰደ ስብ ያስፈልጋታል፤ ያኔ ይዘቱ በርግጥ ይጨምራል። ጡቷ ከብዶ አንገትና ጀርባዋን የሚያማት ሴት ደግሞ የሚያስፈልጋት ጡት መቀነስ ነው። የመቀነስና የማንሳት ቀዶ ሕክምናዎች ቆዳ ላይ የሚተዉት መስመር አንድ ዓይነት በመሆኑ በፎቶግራፍ ሲታዩ ይምታታሉ፤ ልዩነታቸው ከውስጥ የሚወጣው ብዛት ነው። ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ «ማንሳት እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ ትልቅ፣ ትንሽ ወይም ባለበት እንዲሆን መፈለግን በግልጽ መናገር ይሻላል።

አሠራርና ታሪክ

ፈረንሳዊው ሐኪም ፑሶን በ1897 እ.ኤ.አ. ከጡት በላይ ቆዳና ስብ ቆርጦ ጡቱን ከደረት ጡንቻ ሽፋን ጋር በመስፋት የመጀመሪያውን ዘገባ አቀረበ። በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ዋይዝ የጡት መያዣ ሰፊዎችን የአቆራረጥ ስልት ተመልክቶ ቆዳ ላይ የሚሳል ንድፍ አዘጋጀ፤ መልሕቅ የሚመስል ጠባሳ የሚተወው ይህ ንድፍ አሁንም ይሠራበታል። በኋላ በጡት ጫፍ ዙሪያ ብቻ፣ ወይም ከዚያ ወደ ታች አንድ መስመር ብቻ የሚቆረጥባቸው ዘዴዎች መጥተዋል።

የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው የመውረዱ ደረጃ ነው። ፖል ሬኞ የተባለችው ሐኪም በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ምደባ የጡት ጫፍ ከጡት ሥር ካለው እጥፋት ጋር እኩል ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከእጥፋቱ በታች ወርዶ ከጡቱ ግርጌ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ፣ የጡቱ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ከሆነ ሦስተኛ ደረጃ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘውና ከአንገት ሥር እስከ ጡት ጫፍ 21 ሴንቲሜትር መሆን አለበት የሚለው ልክ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ጃክ ፔን በ1955 እ.ኤ.አ. ውብ ጡት አላቸው ብሎ ከለካቸው 20 ሴቶች የተገኘ ነው። ሃያ ሴት ለዓለም ሴት ሁሉ ልክ እንደማትሆን ግልጽ ነው።

በአዲስ አበባ

በኢትዮጵያ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ያደገው ከውበት ሳይሆን ከቃጠሎ፣ ከአደጋ፣ ከከንፈር መሰንጠቅና ከሥጋ ደዌ ጉዳት ጥገና ነው። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና ፊት በመጠገን ይታወቃል፤ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ በቃጠሎ ሕክምና ክፍሉ። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ቅድሚያ ስለሚያገኙ ለቅርጽ ብቻ የሚደረግ ማንሳት በአብዛኛው የግል ሕክምና ጉዳይ ነው። በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ለተጠገነላት ሴት ሌላውን ለማመጣጠን የሚደረገው ማንሳት ግን ከሕክምናው እንደ አንዱ ክፍል ይቆጠራል።

ከሕክምናው በኋላ የሚሰጠው «ከባድ ነገር አታንሺ» የሚል ምክር የሚከብደው እንደ ኑሮው ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጡት ዳገታማ ሰፈሮች ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን ይቀዳል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱ ሴቶች ሸክም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሊጥ ማቡካት፣ ምጣድ ላይ እጅን ዘርግቶ መጋገር፣ ልጅን በአንቀልባ ማዘል ሁሉም ደረትን ይስባሉ ወይም ይጫናሉ። በተለምዶ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከእነዚህ መራቅ ያስፈልጋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በእንጦጦ ፓርክ መሮጥም እንዲሁ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ቤት ውስጥ ይህን ሥራ ማን እንደሚረከብ መታወቅ አለበት።

ጠባሳ፣ ማጥባትና ምርመራ

ጥቁር ቆዳ ላይ ጠባሳ ይበልጥ የመጥቆርና የማበጥ ዝንባሌ አለው። ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ጠባሳ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ከነጮች ይልቅ ይበዛል። በጆሮ ቀዳዳ ወይም በክትባት ቦታ ላይ ያበጠ ጠባሳ ያላት ሴት ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር አለባት።

የጡት ጫፉ ከዕጢው ጋር እንደተያያዘ ከተነሣ አብዛኞቹ ሴቶች በኋላ ማጥባት ይችላሉ፤ የወተቱ መጠን ግን ሊቀንስ፣ የጫፉም ስሜት ሊለወጥ ይችላል። ቀጣይ እርግዝና ጡቱን እንደገና ስለሚለጥጠው ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ወልዶ እስከ መጨረስ፣ ቢያንስም ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ጥቂት ወራት እንዲጠበቅ ይመክራሉ።

ማንሳት የጡት ካንሰርን አያመጣም። ነገር ግን ከውስጥ የሚቀረው ጠባሳና ጠጠር በማሞግራም ላይ እንደ እብጠት ሊታይ ስለሚችል ምስሉን የምታነሣው ባለሙያ ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደተደረገ ማወቅ አለባት። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው ስለሆነ ከማንሳቱ በፊት ጡቱ ይመረመራል፣ ከውስጥ የወጣ ሥጋ ካለም ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል።