የብረቱ ገደል ማሚቶ፤ የፕሌት ሪቨርብ ታሪክ፥ ለስኔር ድራም አመራረጡና ለጂንካ ያለው ትርጉም

ሰው በገደል ፊት ቆሞ ሲጣራ ቃሉ ተመልሶ ይመጣለታል፤ ይህንንም አባቶቻችን ገደል ማሚቶ ብለውታል። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው ግን ከዚህ ይለያል። ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ ብዙ ጊዜ ስለሚመለስ ጆሮ አንዱን መልስ ከሌላው ሊለየው አይችልም፤ የሚሰማው ቀስ እያለ የሚጠፋ ቅሪት ብቻ ነው። ሪቨርብ የሚባለው ይህ ቅሪት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቅሪት ከብረት የሚያወጣው መሣሪያ፥ ማለት ፕሌት ሪቨርብ፥ እንዴት እንደ ተወለደ፥ ዛሬም በኮምፒዩተር ውስጥ ፕላጊን ሆኖ ሲመጣ ለስኔር ድራም እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባ መመርመር ነው። ጉዳዩ የከተማ ስቱዲዮ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በደቡብ ኦሞ የሚቀዳውን ዜማም ይነካል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የመሣሪያው ታሪክ

በ1895 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን የፎግ ሙዚየም አዳራሽ ንግግርን ለምን አጥርቶ እንደማያሰማ እንዲመረምር ተጠየቀ። በዚያ አዳራሽ የተነገረ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ በሌሊት ከለካ በኋላ፥ የቅሪቱ ርዝመት በአዳራሹ ስፋትና በውስጡ ባሉት ድምፅ የሚመጡ ነገሮች እንደሚወሰን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ቅሪት በቁጥር የሚለካ ነገር ሆነ።

የሚለካ ነገር ደግሞ ሊሠራ ይችላል። በ1947 በቺካጎ ቢል ፑትናም የሃርሞኒካትስን ጓድ ሲቀዳ ድምፁን በመታጠቢያ ቤት ውስጥ አሰምቶ በማይክሮፎን መልሶ ተቀበለው። ሆኖም ለዚህ ሥራ የሚሆን ባዶ ክፍል ማዘጋጀት ለየስቱዲዮው የሚቻል አልነበረም።

መፍትሔው ከጀርመን አገር መጣ። ዋልተር ኩል ባደረገው ምርምር መሠረት ኢኤምቲ የተባለው ድርጅት በ1957 ኢኤምቲ 140 የተሰኘውን መሣሪያ አወጣ። ይህም ቁመቱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል፥ ውፍረቱ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ የሆነ የአረብ ብረት ዝርግ ነው፤ በማዕቀፍ ውስጥ ተወጥሮ ይሰቀላል። አንድ አንቀጥቃጭ ድምፁን ወደ ብረቱ ያስገባል፤ በብረቱ ላይ የተጣበቀ ተቀባይም ንዝረቱን ይመልሳል። የቅሪቱ ርዝመት የሚወሰነው አጠገቡ የቆመውን ሌላ ዝርግ በማቅረብና በማራቅ ነው። መሣሪያው በጠቅላላው 270 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቢሆንም ከአንድ ክፍል ይልቅ እጅግ ያነሰ ነበር።

፪. ብረቱና ከበሮው ስለ ምን ተስማሙ

ስኔር ድራም በታችኛው ቆዳው ላይ ጅማት ወይም ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ ሲሆን ሲመታ ይንሸዋሸዋል። ትውልዱ ከአውሮፓ ወታደር ሠልፍ ነው። በአገራችንም መንገዱ ከነሐስ ሙዚቃ ጓዶች ጋር የተያያዘ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጡት፥ ኬቮርክ ናልባንድያን ያሠለጠናቸው፥ አርባ ልጆች የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች ይታወሳሉ። በኋላም እነ ክቡር ዘበኛ የዳንስ ኦርኬስትራ ሲያቋቁሙ ከበሮው ከሠልፍ ሜዳ ወደ አዳራሽ ገባ፤ አምኃ እሸቴም በ1969 የግል ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ከዘፋኙ ኋላ የሚሰማው ምት ይኸው ነበር።

የሠልፍ ከበሮ በሜዳ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ያልቃል። በስቱዲዮ በቅርብ ማይክሮፎን ሲቀዳም እንዲሁ ደረቅና አጭር ይሆናል። በዝርግ ብረት ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ፈጥኖ ስለሚሄድ፥ ቅሪቱ እንደ ክፍል ዘግይቶ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ጥቅጥቅ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የስኔርን ምት ያወፍረዋል እንጂ ወደ ሩቅ አይወስደውም። ስምምነታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

፫. ስለ ፕላጊን ምርጫ

ዛሬ 270 ኪሎው ብረት በኮምፒዩተር ስሌት ተተክቷል። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የአንድ ፋብሪካ ብረቶችም እርስ በርሳቸው አለመመሳሰላቸው ነው። የዩኒቨርሳል ኦዲዮ ፕላጊን በካሊፎርኒያ በሶሳሊቶ ከነበረው ዘ ፕላንት ስቱዲዮ ሦስት ብረቶችን ለይቶ የሚያቀርበው ስለዚህ ነው፤ ዌቭስ በ2015 ያወጣው ደግሞ የለንደኑን የአቢ ሮድ ብረቶች ይከተላል። ቫልሃላ ፕሌት በበኩሉ የአንድን ብረት ቅጂ ከመሆን ይልቅ የዝርግ ብረትን ጠባይ በስሌት ይሠራል። እንግዲህ መራጩ መጠየቅ የሚገባው የትኛው ስም እንደሚበልጥ ሳይሆን የትኛው ለከበሮው እንደሚስማማ ነው፤ ከበሮው ራሱ ብሩህ ከሆነ ጠቆር ያለው ብረት፥ ደብዛዛ ከሆነ ብሩሁ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን ስኔር በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ቢመታ በሁለቱ መካከል 1 ሰከንድ አለ፤ ቅሪቱ ከዚያ እጅግ ቢረዝም ምቱ በምት ላይ ይደራረባል። ችክችካ በሚባለው ባለ 6/8 ምታችን ደግሞ ምቶቹ ስለሚቀራረቡ ቅሪቱ ይበልጥ ማጠር አለበት። በሦስተኛ ደረጃ፥ የቀድሞ ባለሙያዎች ወፍራሙን ድምፅ ወደ ብረቱ ከመግባቱ በፊት ይቆርጡት፥ በቴፕም ጥቂት ያዘገዩት ነበር፤ ስለዚህ ፕላጊኑ እነዚህን ሁለት መቆጣጠሪያዎች የያዘ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

፬. በጂንካ ያለው ጥያቄ

ወደ ደቡብ ኦሞ ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። የሐመር ሰዎች በኢቫንጋዲ ጭፈራ ምታቸውን የሚያወጡት ከጭብጨባና ከእግር ድለቃ ነው፤ በከብት ዝላዩ ሥርዓት ላይም ሴቶች በእግራቸው ቃጭል ያስራሉ፥ ጥሩምባም ይነፋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰማይ ሥር፥ ግድግዳ በሌለበት ነው። ጭብጨባም እንደ ስኔር አጭርና ብሩህ ስለሆነ ብረቱ በቀላሉ ያሳምረዋል፤ አደጋውም ከዚሁ ላይ ነው።

ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል ከ1970 ጀምሮ በሐመር አገር ተቀምጠው ቋንቋውን፥ ሥርዓቱንና ድምፁን መዝግበዋል፤ በ1993ም በጂንካ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ተከፍቷል። ዛሬ ግን መቅጃ የውጭ ተመራማሪ ብቻ የሚይዘው አይደለም፤ ስልክና ኮምፒዩተር ያለው የጂንካ ወጣት ሁሉ ቀጂ ነው። በአንድ ቁልፍ የጀርመንን ብረት በሐመር ጭብጨባ ላይ ሊያደርግ ይችላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን ቅጂ የሚሰማ ተማሪ እነዚህ ሰዎች በአዳራሽ ውስጥ ይዘፍኑ ነበር ብሎ ቢያስብ ማን ያርመዋል?

ይህ ማለት ፕሌት ሪቨርብ ለደቡብ ኦሞ ዜማ ክልክል ነው ማለት አይደለም። የስኔር ድራም ከቀድሞ ሜዳው ወጥቶ አዲስ ስፍራ አግኝቷል፤ ለዳንስ የሚዘጋጅ ዘፈንም እንደዚሁ ነጻ ነው። ነገር ግን ለጥናት የሚቀመጠው ቅጂ ሌላ ነው። ስለዚህ ደረቁ ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተጨመረበትም ቅጂ የፕላጊኑ ስምና የቅሪቱ ርዝመት በመግለጫው ላይ ይጻፍ። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ካልተሠራ ግን የጠፋውን ሜዳ ከተቀዳው ድምፅ ውስጥ መልሶ ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል።