ሚኒስትርን መጠየቅ፦ የ«ጥያቄ»ና የ«ተጠያቂ» ታሪክ ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ከተሞች እንደሚታይ

«ጠየቀ» በአማርኛ ብዙ ሸክም የተጫነበት ግስ ነው። ያላወቀ ለማወቅ ይጠይቃል፤ የቸገረው እንዲሰጡት ይጠይቃል፤ ባለመብት የሚገባውን ይጠይቃል፤ ዘመድ የታመመውንና የታሰረውን ይጠይቃል፤ ተሟጋችም በዳኛ ፊት ባላጋራውን ይጠይቃል። በዕለት ንግግር እነዚህ አምስት ፍቺዎች እርስ በርሳቸው አይጋጩም፤ ዐውዱ ይለያቸዋልና። ችግሩ የሚመጣው አንድ የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ተነሥቶ ስለ መንገድ፣ ስለ ሆስፒታል ወይም ስለ ወጣ ገንዘብ ሚኒስትር ሲጠይቅ ነው። ያን ጊዜ የሚያደርገው ከአምስቱ የትኛውን ነው? ሚኒስትሩስ የሚሰማው የትኛውን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ ወደ ምክር ቤት እንዴት እንደ ገባ፣ በመንገዱም ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጣለ መከታተል ነው።

ለምርመራው ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች፣ ይኸውም አጋሮን፣ ሊሙ ገነትንና ሰቃን፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶም ቦንጋን መምረጣችን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በ1950ዎቹ ቡና ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሆነውን ያስገኝ ነበር፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ቡና ቦርድ የተቋቋመውም ለዚሁ ሀብት ነው። ቡናው በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ቀረጡም አብሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ለመጠየቅ ከማንም ያላነሰ ምክንያት አለው። ሁለተኛውና ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ምክንያት ግን፣ በእነዚህ ከተሞች ይኸው ጥያቄ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ መጠየቁ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየትም አንዱን ብቻ በማጥናት የማይታየውን ያሳያል።

ከምክር ቤት በፊት ሕዝብ ሹምን የሚያናግርበት ዋናው ቃል «ጥያቄ» አልነበረም፤ «አቤቱታ» ነበር። ቃሉ ከጥሪ፣ «አቤት» ከሚለው ድምፅ የተገኘ ነው፤ ከሩቅ ቆሞ ወደ ላይ መጮኽን ያመለክታል። የኦሮምኛው «ኢያኖ»ም እንዲሁ መጮኽን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ሲሆን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የማመልከቻ ስም ሆኗል። እንግዲህ የጅማ ገበሬ እስከ 1924 ዓ.ም. የራሱ ንጉሥ በነበረው መንግሥት ጅሬን ላይ ወዳለው ግቢ ቢሄድም፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ደጅ ቢጠናም፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ጩኸት ምሕረት ያገኛል ወይም አያገኝም፤ መልስ የማግኘት መብት ግን ከቃሉ ውስጥ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። «በጅሮንድ» የቆየ የግምጃ ቤት ማዕርግ ነው። ያዢውን ስለ ያዘው ገንዘብ የሚጠይቀው አንድ ንጉሡ ብቻ ነበር፤ አዲሱ ስም «ሚኒስትር»ም ይህን አልለወጠውም።

መልስ የሚያስገድደው ቃል ያለው ሌላ ቦታ፣ በችሎት ነው። በቀድሞው ሙግት ባለጉዳዩ ባላጋራውን «ተጠየቅ» ሲለው የተጠራው ሰው ቆሞ ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። «በላ ልበልሃ» የተባለው የሙግት ሥርዐትም የዚሁ ወገን ነው። ልብ ሊባል የሚገባው «ተጠየቅ» ትእዛዝ መሆኑ ነው፤ ያውም በተደራጊ ግስ የተነገረ ትእዛዝ። የግሱ ባለቤት ጠያቂው አይደለም፤ የተጠየቀው ነው። ትኩረቱ በሚጠይቀው ሰው ድፍረት ላይ ሳይሆን በሚመልሰው ሰው ግዴታ ላይ ያርፋል። በእኔ አስተያየት አማርኛ በዘመናዊ ምክር ቤት ሚኒስትርን ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ የራሱ ቃል አልነበረውም፤ ሆኖም ምክር ቤቱ ሲቋቋም ቃሉ ከደጅ ቀረ።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ሲሰይም፣ የላይኛውን «የሕግ መወሰኛ»፣ የታችኛውን «የሕግ መምሪያ» አለ። አንዱ ይወስናል፣ ሌላው ይመራል፤ በሁለቱም ስም ውስጥ መጠየቅ የለም። ሰብሳቢው «አፈ ጉባኤ» ሲባል የቆየውን «አፈ ንጉሥ»ን ተከትሎ ነው፤ አፍ የነበረው ግን የዳኝነት አፍ እንጂ የጠያቂ አፍ አልነበረም። «እንደራሴ»ም የተገላቢጦሽ መንገድ ሄዷል። መጀመሪያ በንጉሥ ፈንታ የሚቆም ሹም ማለት ነበር፤ በኋላ «የሕዝብ እንደራሴ» ተብሎ በሕዝብ ፈንታ ለሚቆም ሰው ዋለ። ፍቺው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ማዕርጉን ይዞ ወረደ፤ ሥልጣኑን ይዞ መውረዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያ ምክር ቤቱን አባላት በሕዝብ ምርጫ አደረገ፤ ለያንዳንዱ 200,000 ሕዝብ ገደማ ላለው የምርጫ ወረዳም ሁለት እንደራሴ መደበ። በ1950 ዓ.ም. ከከፋ ጠቅላይ ግዛት ተመርጠው የመጡት ሰዎች በዚህ ሥርዐት የመጡ ናቸው። በጀት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ፣ ዋናው ኦዲተርም ለንጉሠ ነገሥቱና ለምክር ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርግ ተደነገገ። ሚኒስትሮችም ሲጠሩ ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ታዘዙ፤ ይሁን እንጂ የመመለሱ ግዴታ የተሰጠው ሊወጣ ስላለው ሕግ በሚነሣ ጥያቄ ላይ ነበር። ስለተሠራው ወይም ስላልተሠራው መንገድ ሳይሆን ስለሚወጣው አዋጅ ማለት ነው። የገንዘቡ ወሬ በዚህ ጠባብ በር የሚገባው በጀቱ ራሱ እንደ ሕግ ሲቀርብ ብቻ ነበር። (በዚያ ዘመን ብዙዎች «ባጀት» ብለው ይጽፉት እንደ ነበር የቆዩ ጽሑፎችን የሚያገላብጥ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ «በጀት» አሸንፏል።)

ከዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። ያው ሕገ መንግሥት አማርኛን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ይፋ ቋንቋ ስላደረገው፣ ከጅማ አውራጃ የመጣ እንደራሴ መራጮቹ በኦሮምኛ የነገሩትን፣ ከቦንጋ የመጣውም በከፍኛ የሰማውን በአማርኛ ማቅረብ ነበረበት። ስለዚህ የመጀመሪያው የፓርላማ ተርጓሚ እንደራሴው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በእጁ የነበረውም «ጥያቄ» የሚለው አንድ ቃል ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ እንደራሴ «የወረዳዬ ሕዝብ የመንገድ ጥያቄ አለው» ብሎ ተናገረ እንበል። ይህ ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት ትርጓሜ ይቀበላል። መንገድ ይሠራልን ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ልመና ነው። መንገድ ማግኘት መብታችን ነው ማለትም ሊሆን ይችላል፤ «የመሬት ጥያቄ» ሲባል የምናውቀው ፍቺ ይህ ነው። ሦስተኛው፣ ለመንገዱ ተመድቦ የነበረው ገንዘብ ምን ሆነ ማለት ነው። ሚኒስትሩ ከሦስቱ የሚመቸውን ይመርጣል፤ የሚመቸው ደግሞ ዘወትር የመጀመሪያው ነው። «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጀት ሲፈቅድ ይመለሳል» ብሎ ይቀመጣል። በሰዋስው ረገድ ሚኒስትሩ አልተሳሳተም፤ «ጥያቄ መመለስ» በአማርኛ መልስ መስጠትም ነው፣ የተለመነውን መፈጸምም ነው። አሻሚነቱ ከንግግር ውበት ጋር የሚያያዝ ነገር አይደለም፤ የሦስተኛው ፍቺ ባለቤት የሆነው ገበሬ ጥያቄው «ለወደፊቱ ተይዞ» ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የወጣው ገንዘብም ጠያቂ ሳያገኝ ይቀራል። «ጠያቂ የሌለው» የሚለው አነጋገርም እዚህ ላይ ሁለት ስለት አለው፤ መርማሪ የሌለው ማለት ነው፣ ዞር ብሎ የሚያየው ዘመድ የሌለው ማለትም ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ሲበተን ይህ የቃላት ችግር አልተፈታም፤ ሌሎች ቃላት ሸፈኑት እንጂ። «ሂስ»ና «ግለ ሂስ» መጡ፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ስብሰባ ውስጥ ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. የተሰበሰበው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት። «ሸንጎ» የቆየና ያማረ ቃል ነው፤ የዳኝነትም ሽታ አለው፤ የቀበሌውን «የፍርድ ሸንጎ» ማስታወስ ይበቃል። ግን ስሙን የወሰደው ጉባኤ የሙግቱን ልማድ አብሮ አልወሰደም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ግምገማ» ተተካ፤ እሱም ከድርጅት የወጣ ቃል እንጂ ከምክር ቤት የወጣ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የድሮውን ጠባብ በር አስፍቶታል። በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ተሰጠው፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁም ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ይወያያል። «ተጠያቂነት» የአንቀጽ 12 ርእስ ሆኖ ገባ። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግን ከርእሱ ይልቅ ከርእሱ በታች ያለው ይበልጥ ያስተምራል። በዚያ አንቀጽ መሠረት ኃላፊ ወይም የሕዝብ ተመራጭ ተጠያቂ የሚሆነው ኃላፊነቱን ሲያጓድል ነው። ማለትም «ተጠያቂ» ሁልጊዜ የሚመልስ ሰው ሳይሆን ጥፋት የተገኘበት ሰው ሆኗል። የዛሬው የጋዜጣ አማርኛም ይህንኑ አጽንቶታል፤ «ተጠያቂ ተደረገ» ሲባል የምንሰማው መልስ መስጠቱን ሳይሆን መቀጣቱን ነው። ከዚህ የተነሣ ሚኒስትር ተጠያቂነቱን በቃሉ ሙሉ ክብር ሊቀበል አይችልም፤ እንደ ጥፋተኝነት ኑዛዜ ይሰማልና። በየማቋቋሚያ አዋጁ «ተጠሪነቱ ለ…» የሚለው ሐረግም ክፍተቱን አይሞላም፤ «ተጠሪ» የሚጠራ ነው፣ ሲጠራ ምን እንደሚያደርግ ቃሉ አይናገርም።

እዚህ ላይ ወደ ጅማ መመለስ ይጠቅማል። በጅማ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ አማርኛው «ኃላፊ» የሚለውን ሰው ኦሮምኛው «ኢቲ ጋፈተማ» ይለዋል። ቃሉ «ጠየቀ» ከሚለው ግስ በተደራጊነት የተመሠረተ ነው፤ «ስለ ነገሩ የሚጠየቅ» ማለት ነው። ሳያጠፋም፣ ሳይከሰስም፣ በሩ ላይ ስሙ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የሚጠየቅ ሰው ነው። የኦሮምኛው «ጋፊ» እንደ አማርኛው «ጥያቄ» ልመናንም መብትንም ያቅፋል፤ «ዴቢ»ም እንደ «መልስ» ከመመለስ የተገኘ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ሁሉ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ በሹሙ ስም ብቻ ይለያያሉ። የአማርኛው «ኃላፊ» ከ«ኀለፈ» የወጣ መሆኑን፣ ሰዋስው መጻሕፍትም «ኃላፊ ጊዜ» ሲሉ ያለፈውን ጊዜ ማለታቸውን ስናስብ ፈገግ ማለት ይቻል ይሆናል።

የጨፌ ኦሮሚያ አባል የክልሉን ቢሮ በኦሮምኛ ይጠይቃል። ከጅማ ተነሥቶ ጎጀብን የተሻገረ መንገደኛ ቦንጋ ሲደርስ ግን፣ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነውና፣ ምክር ቤቱ በአማርኛ ይሠራል። በአንድ መንገድ፣ በአንድ የቡና አገር፣ በዚህ በኩል «የሚጠየቀው»፣ በዚያ በኩል «ኃላፊው» ይጠራል። ተርጓሚ «ኢቲ ጋፈተሙማ»ን አንዴ «ኃላፊነት»፣ አንዴ «ተጠያቂነት» እያለ ሲያቀያይር የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስንፍና አይደለም፤ አማርኛው ለአንዱ ቃል ሁለት፣ ያውም የተራራቁ ቤቶች ስላሉት ነው።

ስለ ወጪ የሚጠየቅበት የሒሳብ ቋንቋ በአንጻሩ እምብዛም አያስቸግርም። በብሪታንያ ፓርላማ ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ኮሚቴ አለ፤ በእኛም የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የዋናውን ኦዲተር ሪፖርት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ይጠይቃል። እዚያ የሚነገረው «ያልተወራረደ ሒሳብ»፣ «የኦዲት ግኝት»፣ «ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ» ነው፤ ማንም ልመና ነው ብሎ ሊሰማው አይችልም። «ማወራረድ» ከሙግቱ «ውርርድ» ጋር አንድ ሥር እንዳለው ማስታወስም ደስ ያሰኛል። «መልስ» ራሱ በአጋሮ ገበያ ነጋዴው ከተቀበለው ብር ቆርጦ የሚያስረክበው ትርፍ ገንዘብ መሆኑ አይረሳ፤ የገበያው ሰው መልሱን ሳይቆጥር አይሄድም።

ስለዚህ በተርጓሚዎች ዘንድ እንዲመከርበት የማቀርበው ይህ ነው። የአንድ አባል ተራ የቃል ጥያቄ «ጥያቄ» እንደ ሆነ ይቆይ። በሕዝብ ስም የሚቀርበውን ልመና ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎች «አቤቱታ» ብለው ለብቻው ይመዝግቡት። ፈረንሳዮች «ኢንተርፔላሲዮን» ለሚሉት፣ ክርክር ለሚያስከትለውና መንግሥትን ቆሞ እንዲመልስ ለሚያስገድደው ሥርዐት ግን «ተጠየቅ» ከችሎት ተመልሶ ይግባ። የአንቀጽ 55 የአንድ ሦስተኛ ድንጋጌ ለዚህ ስም የተዘጋጀ ይመስላል።

የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል። «ተጠየቅ» ለአንድ ወንድ፣ ያውም ለእኩያ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ሚኒስትርን አንቱ ለሚል፣ ለሴት ሚኒስትርም ለሚናገር ምክር ቤት እንዴት ይሆናል? ለዚህ መልሱ ቃሉ የሚገባው እንደ ትእዛዝ ሳይሆን ደርቆ እንደ ቀረ ስም መሆኑ ነው፤ «በላ ልበልሃ»ም ለሥርዐቱ ስም ሆኖ ሲያገለግል ማን ለማን እንደ ተናገረው አይጠየቅም። በንግግሩ ውስጥ አባሉ «ክቡር ሚኒስትር፣ ይጠየቁ» ወይም «ክብርት ሚኒስትር፣ ይጠየቁ» ይበል፤ በአጀንዳው ላይ «ተጠየቅ» ይጻፍ። የሚቀረው የብዙ ቁጥሩ ነገር ነው። «ተጠየቆች» ለጆሮ ይከብዳል፤ ለጊዜው ቁጥሩን በፊቱ አድርጎ «ሁለት ተጠየቅ»፣ «ሦስት ተጠየቅ» ማለቱ ይሻላል።